ሴሽን የማቋረጥ ሥልጣን፦ ለአበልጻጊው ይሰጥ ወይስ ይነፈግ?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የክፍያ አገልግሎቱ መልስ መስጠት ያቆማል። ተረኛው አበልጻጊ፣ ማለትም ፕሮግራም ጸሐፊው፣ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ኮምፒውተሩን ይከፍታል፤ የስህተት መዝገቡን ያገላብጣል፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ችግሩን ያገኘዋል። አንድ ሴሽን፣ ማለትም አንድ ፕሮግራም ከዳታቤዙ ጋር የተገናኘበት መስመር፣ አንዱን ሠንጠረዥ ቆልፎ ተቀምጧል፤ ከኋላው ስልሳ የሚሆኑ ሴሽኖች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ቆላፊውን ሴሽን የከፈተው ፕሮግራም የራሱ ቡድን የጻፈው ነው። ምን እንደሚሠራ፣ ቢቋረጥ ምን እንደሚጎድል፣ እንደገና ሲነሣ ከየት እንደሚጀምር ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የቀረው አንድ መስመር ትእዛዝ መጻፍ ነው። ይጽፋል። ዳታቤዙ «በቂ ፈቃድ የለህም» ብሎ ይመልስለታል። ከዚያ በኋላ ያለው አርባ ደቂቃ የሚያልፈው ስልክ በመደወል ነው።

ያን ስልክ የማነሣው ሰው ለብዙ ዓመታት እኔ ነበርኩ። የዳታቤዝ አስተዳዳሪ ነኝና በሥራ ላይ ያለውን ዳታቤዝ የመንካት ሥልጣን ለእኔና ለአንድ ባልደረባዬ ብቻ የተሰጠ ነበር። አሁን መለስ ብዬ ሳስበው ግን ያን ጊዜ የማደርገው ነገር ያሳፍረኛል። እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ «ቁጥሩ ስንት ነው?» እላለሁ፤ ይነግረኛል፤ እጽፋለሁ፤ አቋርጣለሁ፤ ተመልሼ እተኛለሁ። ሴሽኑ የማን እንደሆነ፣ ምን ያህል ሥራ እንደሠራ፣ ቢቋረጥ ምን እንደሚከተል ያጣራሁበት ሌሊት ከስንት አንድ ነው። ፈቃዱ የእኔ፣ ውሳኔው የእርሱ ነበር ማለት ነው። መመሪያው ላይ ግን «አበልጻጊዎች በሥራ ላይ ያለውን ዳታቤዝ አይነኩም» ተብሎ ተጽፏል፤ ኦዲተሩም አይቶ አጽድቆታል።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። በአንድ ወገን፣ ማንም ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን አይሰጠው የሚለው መርሕ አለ፤ ጄሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 በግልጽ ካስቀመጡት ወዲህ የኮምፒውተር ደኅንነት ሙያ የቆመው በእርሱ ላይ ነው። በሌላው ወገን፣ ፕሮግራሙን የሠራው ቡድን ራሱ ያስኪደው የሚለው አሠራር አለ፤ የአማዞኑ ቨርነር ቮግልስ እ.ኤ.አ. በ2006 ከተናገረው በኋላ በብዙ ድርጅቶች እንደ ደንብ ተይዟል። አስተዳዳሪው የመጀመሪያውን፣ አበልጻጊው ሁለተኛውን ይዞ ይሟገታል። እኔ ከሁለቱም ጋር በግማሽ ነው የምስማማው። ሁለቱም ሙግታቸውን የሚያደርጉት «ይህ ሰው ይታመናል ወይስ አይታመንም» በሚለው ላይ ስለሆነ፣ ትእዛዙ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ማየት ያመልጣቸዋል።

ተገደለ ሲባል

አንድ ፕሮግራም ከዳታቤዝ ጋር ሲገናኝ የሚከፈትለት መስመር ሴሽን ይባላል። በዚያ መስመር ላይ ያነብባል፣ ይጽፋል፣ ሥራው ሲያልቅ የጻፈውን ያጸናል። እስኪያጸና ድረስ የቀየራቸውን ረድፎች ቆልፎ ይይዛል፤ እነዚያኑ ረድፎች መቀየር የፈለገ ሌላ ሴሽን ቆሞ ይጠብቃል። ጥበቃው በአብዛኛው ከዐይን ጥቅሻ ስለሚያጥር ማንም አያስተውለውም። ነገር የሚበላሸው ቆላፊው ሳያጸና ሲቀር ነው። ፕሮግራሙ ስህተት ገጥሞት መስመሩን ሳይዘጋ ወጥቶ ይሆናል። አንድ ሰው በራሱ ኮምፒውተር አንድ ረድፍ ካስተካከለ በኋላ ሳያጸና ለምሳ ወጥቶም ይሆናል። ይህኛው እንደ ቀልድ ይወራል፤ እኔ ግን በገዛ ዐይኔ ከሦስት ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ፤ አንዱ ጊዜ ለምሳ የወጣሁት እኔው ነበርኩ።

እንዲህ ያለውን ሴሽን ማቋረጥ በሙያተኛው አነጋገር «መግደል» ነው። ቃሉ ያሳስታል፤ የተገደለ ነገር እዚያው ያበቃል ብለን እናስባለንና። ዳታቤዝ ግን ያልጸና ሥራን እንደ ተንጠለጠለ ጥሎ አይሄድም፤ ሴሽኑ እስከዚያ የቀየረውን ሁሉ ይቀለብሳል። ኦራክል በተባለው ዳታቤዝ ላይ «አልተር ሲስተም ኪል ሴሽን» የሚለው ትእዛዝ በሴሽኑ ላይ የመገደል ምልክት ያደርግበታል። ሴሽኑ በዚያች ቅጽበት ሊቋረጥ የማይችል ሥራ ላይ ከሆነ፣ ትእዛዙን የሰጠው ሰው እስከ 60 ሰከንድ ይጠብቅና «ለመገደል ምልክት ተደርጎበታል» የሚል መልስ ያገኛል። ቁልፎቹ የሚለቀቁት ቅልበሳው ሲያልቅ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ትእዛዙ ያልሠራ ይመስለውና ይደግመዋል፤ ይሠልሰዋል፤ በመጨረሻም ወደ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ወርዶ ሴሽኑን የሚያስኬደውን ሂደት በኃይል ያጠፋዋል።

ይህ የመጨረሻው እርምጃ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። ኦራክል ላይ በስህተት የተነካው ሂደት የአንድ ተጠቃሚ ሳይሆን ዳታቤዙን ራሱን ከሚያቆሙት አንዱ ከሆነ፣ ዳታቤዙ በሞላ ይወድቃል። ፖስትግሬስ በተባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ ደግሞ ትክክለኛው ሂደት ቢነካ እንኳ በኃይል ከጠፋ ዋናው ሂደት የጋራ ማኅደረ ትውስታው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል ብሎ ስለሚጠረጥር፣ የቀሩትን ሴሽኖች ሁሉ ያቋርጥና ከአደጋ የማገገም ሥራ ይጀምራል። አንዱን ለማስወጣት ቤቱን ማፍረስ ማለት ነው። በትእዛዝ የማቋረጥ መንገድ ለአበልጻጊው በተነፈገ ቁጥር፣ ሰርቨሩ ላይ የመግባት ዕድል ያለው ሰው ወደዚህ አቋራጭ የመሄዱ ነገር ይጨምራል።

አንድ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት፣ የወር መጨረሻ ሒሳብ የሚዘጋ ሥራ ለአራት ሰዓት ያህል ሲሄድ ቆይቶ ሌላውን ሁሉ አንቆ ያዘ። አለቆች ዙሪያዬን ቆመው ነበር። ገደልኩት። ምንም አልተለወጠም፤ ወረፋው እንዳለ ነው። ከአለቆቹ አንዱ «ሰርቨሩን አጥፍታችሁ አስነሡት» አለ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር መሟገቱ ስለ ከበደኝ ታዘዝኩ። ዳታቤዙ ተነሣ፤ ቅልበሳው ካቆመበት ቀጠለ። ለካስ ያልጸናው ሥራ ማስታወሻ የተቀመጠው በዲስክ ላይ ነውና ማጥፋትና ማብራት አያስረሳውም። ለመቀልበስ የቀሩትን መዝገቦች ብዛት በየደቂቃው እየጠየቅን፣ ቁጥሩ ሲቀንስ እያየን፣ ስንት ሰዓት እንደሚቀረን በወረቀት እያካፈልን አነጋን። ሥራውን ባንነካው ኖሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቅ እንደነበር ያወቅነው ጠዋት ነው። የነገረን ደግሞ ፕሮግራሙን የጻፈው አበልጻጊ ነበር፤ ሌሊቱን ማንም አልጠራውም፤ ዳታቤዙ የእርሱ ጉዳይ አልነበረማ!

ቅልበሳ በሁሉም ዳታቤዝ እኩል አይከብድም። ፖስትግሬስ የተቀየረውን ረድፍ አሮጌ ቅጂ እዚያው ሠንጠረዡ ውስጥ ስለሚያቆየው ሥራው ሲቋረጥ «ይህ አልጸናም» ብሎ መመዝገብ ይበቃዋል፤ ቆሻሻውን በኋላ ቫክዩም የሚባለው ሠራተኛ ይጠርገዋል። ስለዚህ ማቋረጡ ወዲያው ሊባል በሚችል ፍጥነት ያልቃል። ኤስኪውኤል ሰርቨር በተባለው ዳታቤዝ ላይ ቅልበሳ ለረጅም ጊዜ ከባድ ነበር፤ በ2019ኙ ዕትም የተጨመረው የተፋጠነ ማገገሚያ ከተከፈተ ግን ቅልበሳው በጣም ያጥራል። «ኪል» የሚለውን ትእዛዝ ሁኔታውን ብቻ ከሚጠይቀው ተቀጽላ ጋር ብትሰጡት ደግሞ ቅልበሳው በመቶኛ ምን ያህል እንደ ተጠናቀቀ ይነግራችኋል። እንግዲህ «አበልጻጊ ሴሽን ይግደል?» የሚለው ጥያቄ በየትኛው ዳታቤዝ እንደሆነ ሳይነገር መልስ የለውም።

አንድ ነገር ግን በሁሉም ያው ነው፤ ማቋረጥ የጸና መረጃን አያጠፋም። አስተዳዳሪዎች ሲፈሩ የምሰማው «መረጃው ይበላሻል» ብለው ነው፤ በአንድ ትራንዛክሽን፣ ማለትም አብሮ በሚጸና ወይም አብሮ በሚቀለበስ የሥራ ጥቅል፣ ውስጥ ላለ ሥራ ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም። አደጋው ያለው ሥራው በብዙ ትራንዛክሽን የተከፋፈለ ሲሆን ነው። በየሺሕ ረድፉ እያጸና የሚሄድ ፕሮግራም ግማሽ መንገድ ላይ ቢቋረጥ፣ ያለፈው ጸንቶ የቀረው ይቀራል። እንደገና ሲነሣ ካቆመበት ይቀጥላል? ወይስ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያንኑ ክፍያ ሁለት ጊዜ ይመዘግባል? ይህን ዳታቤዙ አያውቅም፤ አስተዳዳሪው አያውቅም። የሚያውቀው ፈቃድ የተነፈገው ሰው ነው።

ቁልፉ የሚከፍታቸው ሌሎች በሮች

ታዲያ ለምን ፈቃዱ አይሰጠውም? አስተዳዳሪዎች እምቢ የሚሉበት እውነተኛ ምክንያት፣ ብዙ ጊዜ አፍ አውጥተው ባይናገሩትም፣ ፈቃዱ ብቻውን የማይመጣ መሆኑ ነው። ኦራክል ላይ ሴሽን ለመግደል የሚያስፈልገው «አልተር ሲስተም» የተባለው ፈቃድ ነው። ይህን የያዘ ሰው ሴሽን ብቻ አይገድልም፤ የዳታቤዙን የማኅደረ ትውስታ መጠን ይቀይራል፣ ሌሎች ተጠቃሚዎች እንዳይገቡ ይከለክላል፣ ሥርዓቱ የሚሠራባቸውን መለኪያዎች ያዛባል። የአንድ ክፍል ቁልፍ ለጠየቀ ሰው የሕንፃውን ቁልፍ በሙሉ እንደ ማስረከብ ነው።

ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ይብሳል፤ አደጋው ተደብቋልና። ከ8.0 ዕትም ወዲህ የሌላ ተጠቃሚን ሴሽን ለማቋረጥ «ኮኔክሽን አድሚን» የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስሙ ሲሰማ ግንኙነትን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን ይህ ፈቃድ ያለው ተጠቃሚ ዳታቤዙ «ለንባብ ብቻ» ተብሎ ሲዘጋ እንኳ መጻፍ ይችላል። ዋናውን ዳታቤዝ ተከትሎ የሚሄደውን ቅጂ ከጽሑፍ የሚጠብቀው ያ መዝጊያ ነው። ሴሽን እንዲያቋርጥ የፈቀዱለት አበልጻጊ ሳያውቀው ቅጂውን ከዋናው ሊያለያየው ይችላል። ይህን ሳያነብብ ፈቃዱን የሚሰጥ አስተዳዳሪ ቸር ሳይሆን ግድየለሽ ነው።

ፖስትግሬስ በዚህ ረገድ የተሻለ አስቧል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው 9.6 ዕትም «ፒጂ ሲግናል ባክኤንድ» የተባለ ሚና ጨመረ፤ ሚናው ከማቋረጥ በቀር ሌላ ነገር አያስደርግም፤ የበላይ ተጠቃሚ ሴሽኖችንም አይነካም። እንዲያም ሆኖ የሰፋ ነው፤ የእኔ ቡድን አባል የሌላውን ቡድን ሴሽን ከማቋረጥ የሚከለክለው ነገር የለም። ኤስኪውኤል ሰርቨርም ለዚሁ የተለየ ፈቃድ አለው፤ እርሱም ሰርቨሩ ላይ ያለውን ሁሉ ይመለከታል።

መፍትሔው ግን አርጅቷል ለማለት ይቻላል። አስተዳዳሪው በራሱ ሥልጣን የሚሠራ አነስተኛ ፕሮሲጀር፣ ማለትም ዳታቤዙ ውስጥ ተቀምጦ በስሙ የሚጠራ ትንሽ ፕሮግራም፣ ይጽፋል፤ አበልጻጊው የሚሰጠው ፈቃድ ያንን ፕሮሲጀር የመጥራት ብቻ ነው። ፕሮሲጀሩ የሴሽኑን ቁጥር ይቀበላል፤ ሴሽኑ የጠሪው ቡድን ፕሮግራም መሆኑን ያጣራል፤ የዳታቤዙ የራሱ ሂደት፣ የመጠባበቂያ ቅጂ ሥራ ወይም የሌላ ቡድን ከሆነ እምቢ ይላል፤ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን፣ ለምን እንዳቋረጠ መዝግቦ ከዚያ በኋላ ብቻ ያቋርጣል። አማዞን በሚያስተዳድረው የኦራክል አገልግሎት ላይ ደንበኛው፣ የዳታቤዝ አስተዳዳሪም ቢሆን፣ «አልተር ሲስተም» አይሰጠውም፤ በምትኩ ሴሽን የሚያቋርጥ ፕሮሲጀር ተዘጋጅቶለታል። ለማይኤስኪውኤልም እንዲሁ አድርጓል። ይህ ትንሽ ያስፈግገኛል፤ ለሃያ ዓመት አበልጻጊውን በር ላይ ያቆመው አስተዳዳሪ ዛሬ እርሱ ራሱ በሩ ላይ ቆሞ ተዘጋጅቶ በተሰጠው ፕሮሲጀር ይሠራል፤ ሰማይም አልተደፋበትም።

የትኛው ሴሽን?

ሥልጣኑ የተሰጠው ሰው ስህተት የሚሠራው በክፋት አይደለም፤ በቁጥር ነው። ስክሪኑ ላይ 214 የሚል ሴሽን ያያል። ቁጥሩን ይጽፋል፤ ለባልደረባው ያሳያል፤ ይስማማሉ፤ ትእዛዙን ያዘጋጃል። በዚህ መካከል ያ ሴሽን ራሱ አልቆ ይወጣና 214 የሚለው ቁጥር አሁን ለገባ ለሌላ ሴሽን ይሰጣል። ኦራክል ይህን አስቀድሞ አስቦበታል፤ ከሴሽኑ ቁጥር ጋር ተከታታይ ቁጥር አብሮ ካልተሰጠውና ሁለቱ ካልተጣጣሙ አይገድልም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ግን ቁጥሩን ብቻ ተቀብሎ በዚያች ደቂቃ ቁጥሩን የያዘውን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ያቋርጣል። ስለዚህ ፕሮሲጀር የሚጽፍ ሰው ከቁጥሩ ጋር ሴሽኑ የገባበትን ሰዓት አብሮ ቢጠይቅ፣ ካልተጣጣመም ቢመልስ፣ ሁለት መስመር ጨምሮ አንድ ሌሊት ያተርፋል።

የቁጥር ስህተት ደግሞ የጀማሪ ስህተት ብቻ አይደለም። የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት የሚሰጠው ጊትላብ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 የደረሰበትን አደጋ ራሱ በዝርዝር ለሕዝብ አሳውቋል። ሙሉ ሥልጣን ያለው፣ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ፣ ረጅም ምሽት ካሳለፈ በኋላ በቅጂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት በዋናው ላይ የመረጃ ማውጫውን አጠፋ። 300 ጊጋባይት ያህል የነበረው ሊጠፋ ሲል ትእዛዙን ቢያቆመውም ጊዜው አልፎ ነበር፤ ወደ ስድስት ሰዓት የሚጠጋ መረጃ ጠፋ። የሁለቱ ሰርቨሮች ስም የሚለያየው በአንድ ቁጥር ነበር። ይህ ስለ ሴሽን አይደለም፤ እኔን የሚያስተምረኝ ግን ሥልጣኑ በትክክለኛው ሰው እጅ መሆኑ ብቻውን አለመጠበቁን ነው። አስተዳዳሪውም ቢሆን በፕሮሲጀሩ በኩል ቢያልፍ ይሻለዋል፤ እኔ ራሴ ዛሬ የማቋርጠው በእርሱ ነው።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ምርጫው ሊሳሳትም ይችላል። ፖስትግሬስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አንድ ሁኔታ አለ። አንድ ረጅም የሪፖርት ጥያቄ ሠንጠረዡን እያነበበ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። በዚህ ላይ አንድ አበልጻጊ አዲስ አምድ ለመጨመር የሠንጠረዡን ቅርጽ የሚቀይር ትእዛዝ ይሰጣል። ትእዛዙ ከሁሉም ጋር የማይስማማ ቁልፍ ስለሚፈልግ ሪፖርቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ለማንበብ የመጡትም ጭምር ከኋላው ይሰለፋሉ። ስክሪኑን የሚያይ ሰው ለረጅም ጊዜ የቆየውን ሪፖርት ወንጀለኛ አድርጎ ያቋርጠዋል፤ የአንድ ሰው የሦስት ሰዓት ሥራ ይጠፋል። መነሣት የነበረበት ገና ምንም ያልሠራው፣ ቆሞ የሚጠብቀው ትእዛዝ ነው፤ እርሱ ቢነሣ ምንም የሚቀለበስ ሳይኖር ወረፋው ይበተናል። ማን ማንን እንዳገደ የሚያሳየው «ፒጂ ብሎኪንግ ፒድስ» የተባለው ፈንክሽን ከ9.6 ዕትም ጀምሮ አለ። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ የሚያስፈልገው የመግደል ሥልጣን ከመምጣቱ በፊት የማየት ሥልጣን ነው። የሚገርመው በብዙ ቦታ አበልጻጊዎች ይህንንም አልተሰጣቸውም፤ ማየት ማንንም የማይገድል ሆኖ ሳለ።

ማየት ከተፈቀደም በኋላ የሚታየው ነገር ስም ሊኖረው ይገባል። ዛሬ አብዛኛው ፕሮግራም ከዳታቤዝ ጋር የሚገናኘው በጋራ የግንኙነት ገንዳ ነው፤ ሃምሳ ሴሽኖች አንድ የተጠቃሚ ስም፣ አንድ የሰርቨር አድራሻ ይዘው ይቆማሉ። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው የክፍያ፣ የትኛው የሪፖርት እንደሆነ ከውጭ ማንም አይለይም። ኦራክል የሞጁልና የተግባር ስም፣ ፖስትግሬስ የአፕሊኬሽን ስም በየሴሽኑ ላይ እንዲለጠፍ ይፈቅዳሉ፤ የሚለጥፈው ግን አበልጻጊው ነው። ስለዚህ የእኔ ድርድር እንዲህ ነው፦ ሴሽኖቻችሁን ስም ስጧቸው፣ እኔ በሩን እከፍትላችኋለሁ። ስም የሌለውን ሴሽን ፕሮሲጀሩ አያቋርጥም።

ከመግደል በፊት ያለ ቀለል ያለ እርምጃም አለ፤ ሴሽኑን ትቶ እያስኬደው ያለውን ጥያቄ ብቻ ማስቆም። በሦስቱም፣ በፖስትግሬስ፣ በማይኤስኪውኤልና ከ18ኛው ዕትም ወዲህ በኦራክል፣ ይቻላል። ይህን ለአበልጻጊ ለመስጠት ማቅማማት አያስፈልግም ባይ ነኝ። ቆልፎ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠን ሴሽን ግን አይፈታም፤ የሚቆም ጥያቄ የለውማ።

ኦዲተሩና ማስረጃው

«ኦዲተር አይፈቅድም» የሚለው መልስ ክርክሩን የሚዘጋ መስሎ ይቀርባል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የሳርቤንስ ኦክስሊ ሕግ በ404ኛው አንቀጹ የሚጠይቀው ድርጅቱ በፋይናንስ ሪፖርቱ ላይ ያለውን የውስጥ ቁጥጥር እንዲገመግም ነው፤ ስለ ሴሽን የሚለው አንድም ነገር የለም። ኦዲተሮች የሚያጠብቁት ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው የጸናውን መረጃ መቀየር እንዳይችል ነው። ሴሽን ማቋረጥ የጸና መረጃ አይቀይርም። ከዚህም ሌላ እኔ ያየኋቸው ኦዲተሮች «ማን አደረገው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ከእንቅልፉ ተነሥቶ የሌላውን ውሳኔ በራሱ ስም ከፈጸመ አስተዳዳሪ ይልቅ ስም፣ ሰዓትና ምክንያት ያለበት መዝገብ ያስደስታቸዋል።

አስተዳዳሪዎች ሊከራከሩበት የሚገባ፣ ግን ብዙም የማያነሡት ሌላ ነጥብ አለ። ሴሽን ሲገደል ማስረጃው አብሮት ይሞታል። ምን ትእዛዝ ላይ እንደነበር፣ የትኞቹን ቁልፎች እንደያዘ፣ ትራንዛክሽኑን የከፈተው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ ማንን አግዶ እንደነበር የሚታየው ሴሽኑ በሕይወት እስካለ ነው። ችኩል እጅ ያጸዳውና ጠዋት «ምን ነበር?» ሲባል መልስ ይታጣል። ፕሮሲጀሩ ከማቋረጡ በፊት ይህን ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ቢገለብጥ የሚጠይቀው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው። በእጅ የሚያቋርጥ አስተዳዳሪ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ይህን ያደርጋል? እኔ አላደረግሁም።

ሳይቃጠል በቅጠል

ሰው ከመግደሉ በፊት ዳታቤዙ ራሱ ሊያቋርጥ የሚችልበት መንገድ ደግሞ አለ፤ ችግሩ መነሻ ቅንብሮቹ የላሉ መሆናቸው ነው። ማይኤስኪውኤል ላይ የረድፍ ቁልፍ የሚጠብቅ ትእዛዝ በ50 ሰከንድ ተስፋ ይቆርጣል። ቆልፎ ዝም ያለው ግንኙነት ግን እስኪዘጋ የሚታገሡት 28,800 ሰከንድ ነው፤ ስምንት ሰዓት! ተጎጂው በደቂቃ ውስጥ ይባረራል፤ አጥፊው የሥራ ቀን ሙሉ ይቀመጣል። ፖስትግሬስ ትራንዛክሽን ከፍቶ ሥራ የፈታን ሴሽን የሚያባርር የጊዜ ገደብ ከ9.6 ዕትም ጀምሮ አለው፤ በ2024 የወጣው 17ኛው ዕትም ደግሞ ለትራንዛክሽኑ በሙሉ ገደብ ጨምሯል። ሁለቱም ግን ሲጫኑ ዝግ ናቸው፤ ካልተከፈቱ የሉም። አበልጻጊው የመግደል ሥልጣን ይሰጠኝ ሲለኝ በመጀመሪያ የምጠይቀው «የጊዜ ገደባችሁ ስንት ነው?» ብዬ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዝምታ ይከተላል።

በምሠራበት ቦታ በመጨረሻ በሩን ከፈትነው። የመጀመሪያው ሳምንት አስፈርቶኝ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ቡና ሳልጠጣ መዝገቡን አነባለሁ። የተቋረጡት ሴሽኖች ከጠበቅሁት ያነሱ ነበሩ። «ምክንያት» የሚለው ዓምድ ግን ያናድደኝ ጀመር፤ «ተቆልፏል»፣ «ተቆልፏል»፣ «ተቆልፏል» ይላል፣ የመግደል መሣሪያ ላይ «ሞቷል» ብሎ እንደ መጻፍ። ፕሮሲጀሩን አስተካክዬ ከሃያ ፊደል በታች የሆነ ምክንያት እንዳይቀበል አደረግሁ። ለሁለት ቀን «ተቆልፏል ተቆልፏል ተቆልፏል ተቆልፏል» የሚል ደረሰኝ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ፈቃዱን አጥብቆ ሲጠይቅ የነበረው ያ ተረኛ አበልጻጊ መዝገቡን ራሱ መደርደር ጀመረ። በእርሱ ስም ካሉት ውስጥ የሚበዙት ከአንድ ፕሮግራም፣ ከአንድ ተግባር፣ የክፍያ አረጋጋጩ ሰርቨር መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ከሚፈጠር ስህተት በኋላ የመጡ ነበሩ። ከማቋረጡ በፊት የተገለበጠው መረጃ ትራንዛክሽኑ የተከፈተበትን ሰዓትና የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ነበርና ፈልጎ ለማግኘት ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ በቃው። ስህተት ሲያጋጥም የሚሄድበት መንገድ ላይ ግንኙነቱ ወደ ገንዳው ይመለሳል፤ ትራንዛክሽኑን የሚቀለብስ መስመር ግን አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ በስሙ የተመዘገበ አንድ ብቻ ነው፤ «ምክንያት» በሚለው ዓምድ ላይ «የሠንጠረዥ ለውጥ ሰጥቼ ከሪፖርት ኋላ ተሰለፍኩ፤ የገደልኩት የራሴን ነው» ይላል።